ከተጣለ ዕቃ ድምፅ ማጉያ መሥራት፦ ስለ መለካት የተደረገ ንግግር



የዚህ ንግግር ርእስ በፋኩልቲው ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ማግስት አንድ የማከብራቸው ባልደረባዬ «ይህ የሬዲዮ ጠጋኞች ጉዳይ እንጂ የዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነውን?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው የቀልድ አልነበረም፤ እኔም እንደ ቀልድ አልወሰድኩትም። ስለዚህ መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ከተጣለ ዕቃ የሚሠራ ማጉያ የዩኒቨርሲቲ ጉዳይ የሚሆነው፣ ሠሪውን እያንዳንዱን ነገር ሳይለካ እንዳያምን ስለሚያስገድደው ነው። ከሱቅ የተገዛ አዲስ ዕቃ ማንነቱ በላዩ ተጽፎ ይመጣል፤ ተማሪውም ጽሑፉን አንብቦ ያልፋል። ከአሮጌ ቴፕ የተነቀለ ዕቃ ግን ማንም ያልመዘገበው ዕድሜ አሳልፏል። ስንት ዓመት ሠራ? ምን ያህል ሞቀ? ቴፑ የተጣለውስ በእርሱ ብልሽት ይሆን ወይስ በሌላው? ይህን ሊነግረን የሚችለው መለኪያ ብቻ ነው።

ባለፈው ሴሚስተር ስምንት የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች በፈቃዳቸው ተሰባስበው እንዲህ ያለ ማጉያ ሠሩ። ደንባችን አጭር ነበር፤ ከገበያ በአዲስነት የሚገዙት ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ ሊድ፣ ፊውዝና ከሶኬት የሚመጣው የኃይል ገመድ። ፊውዙና ገመዱ አዲስ የሆኑት ለሕይወት ስንል ነው፤ በእነርሱ ላይ ቁጠባ የለም። የቀረው ሁሉ ከተጣለ ዕቃ መገኘት ነበረበት።

ስለ ማጉያ ምንነት በጥቂቱ ላንሣ። ብዙ ሰው ማጉያ ትንሹን ድምፅ ወስዶ የሚያሳድግ ዕቃ ይመስለዋል። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ትንሹ ምልክት የሚያደርገው ትእዛዝ መስጠት ነው፤ ጉልበቱ የሚመጣው ከኃይል ምንጩ ነው። ማጉያው የምንጩን ጉልበት በትንሹ ምልክት ቅርጽ እየቀረጸ ወደ ስፒከሩ ይልካል። ሊ ዲ ፎረስት በ1906 እ.ኤ.አ. በመስታወት ቱቦው ውስጥ ሦስተኛ ዘንግ ሲጨምር፣ ባርዲንና ብራቴይን በ1947 እ.ኤ.አ. በቤል ቤተ ሙከራ የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ሲያሠሩ፣ ያገኙት ነገር ይኸው ነው፤ ትንሽ ኃይል ትልቁን ኃይል የሚያዝበት በር። በነገራችን ላይ፣ በሠርግና በስብሰባ ላይ የሚቆመውን ትልቅ ድምፅ ማጉያ ሕዝባችን «ሞንታርቦ» ይለዋል። ቃሉ የአንድ ጣሊያናዊ አምራች የንግድ ስም ነው። ስሙ የዕቃው ሁሉ መጠሪያ እስኪሆን ድረስ ዕቃውን ለምደነዋል፤ ከፍተን የምናየው ግን ሲበላሽ ብቻ ነው፤ ያኔም የምንሰጠው ለጠጋኝ ነው።

ዕቃው ከየት ተገኘ? ከተማሪዎቹ ሁለቱ ከ«ቆራሌው» ነጋዴዎች ጋር ተነጋግረው አሮጌ የኮምፒውተር ስፒከሮች በርካሽ አገኙ። ሌሎቹ ወደ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወረዱ። ቦታውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለሌላው ዓለም ቆሻሻ የሆነው ሁሉ በዚያ ጥሬ ዕቃ ነው። ከኮምፒውተር ስፒከሮቹ ቲዲኤ2030 የተባለውን ባለ አምስት እግር የማጉያ ቺፕ አገኘን። ከተበላሹ የካሴት ማጫወቻዎች ትራንስፎርመር፣ ከአሮጌ ኮምፒውተሮች ደግሞ ሙቀት የሚበትን የአሉሚኒየም ብረት ተገኘ። ስፒከሩ ከተሰነጠቀ የእንጨት ሣጥን ውስጥ የወጣ፣ ባለ 8 ኦም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልናገር አላልፍም፤ ከአዳራሹ ወጥቶ ዛሬውኑ ካቻቢቴና ፒንሳ የሚያነሣ ወጣት እንደማይጠፋ አውቃለሁና። የኮምፒውተር የኃይል ሣጥን ከሶኬት ተነቅሎም ሊገድል ይችላል። የ220 ቮልት ተለዋዋጭ ኃይል ጫፉ 220 ሲባዛ በ1.414፣ ማለትም ወደ 311 ቮልት ነው፤ በውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ይህን ያህል ቮልት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። በሬዚስተር በኩል ማራገፍ፣ ከዚያም በቴስተር ለክቶ ዜሮ መሆኑን ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ደግሞ ጨርሶ እንዳይከፈት ከልክለን ነበር፤ የባለ ቀለሙ ቱቦ በ20 ሺህዎች በሚቆጠር ቮልት ይሠራል።

አሁን ወደ ትራንስፎርመሩ ልመለስ፤ በሴሚስተሩ ውስጥ ብዙ የተማርነው በእርሱ ነውና።

ተማሪዎቹ ሥራውን የጀመሩት እንደተለመደው በኮምፒውተር ማስመሰያ ፕሮግራም ነው። ትራንስፎርመሩ 12-0-12 የሚል ጽሑፍ ስላለው 12 ብለው አስገቡ። ፕሮግራሙም ተቃንቶና ተጣርቶ ከመካከለኛው መስመር በሁለቱም ወገን ወደ 16 ቮልት እንደሚሆን ነገራቸው። 12 በ1.414 ሲባዛ 17 ነው፤ ዳዮዱ የሚወስደውን 0.7 ቮልት ስንቀንስ 16.3 ይቀራል። የቺፑ ከፍተኛ ወሰን በእያንዳንዱ ወገን 18 ቮልት ነው። በወረቀት ላይ ሁሉም ደኅና ነበር።

አንዲት ተማሪ ግን ከመበየዷ በፊት ትራንስፎርመሩን ብቻውን ሰክታ ለካችው። ቴስተሩ 14.1 ቮልት አለ። መለኪያው ተበላሽቷል ብላ ሌላ አመጣች፤ እርሱም ያንኑ አለ። ይህ ስሕተት አይደለም። በትራንስፎርመር ላይ የሚጻፈው ቮልት ሙሉ ጭነት ተሸክሞ የሚሰጠው ነው፤ ጭነት በሌለበት ጊዜ ከዚያ በላይ ይሰጣል፤ ትንንሾቹ ትራንስፎርመሮች ደግሞ ልዩነታቸው የጎላ ነው። በዚያ ላይ የሶኬቱ ኃይል ራሱ 220 ላይ ቆሞ አይጠብቅም። በቤተ ሙከራችን በተለያየ ሰዓት ከ200 በታችም ከ230 በላይም አንብበናል። እንግዲህ 14.1 በ1.414 ሲባዛ 19.9 ነው፤ 0.7 ሲቀነስለት 19.2 ይቀራል። ቺፑ አንድም ድምፅ ሳያሰማ፣ ገና ሙዚቃው ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ከወሰኑ በላይ ተጭኖበት ይውል ነበር።

ተማሪዋ «ታዲያ ፕሮግራሙ ለምን አልነገረንም?» ስትል ጠየቀች። መልሱ ቀላል ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ትራንስፎርመሩ 12 ቮልት የሆነው 12 ብላችሁ ስለጻፋችሁ ነው። ማስመሰያው የነገርነውን በትክክል ያሰላል፤ ያልነገርነውን ግን አያውቅም። በመጨረሻ ሌላ ትራንስፎርመር ፈልገን፣ ያለ ጭነት 10.2 ቮልት የሚሰጥ አገኘን። ይህም ያለ ጭነት 13.7፣ ሲሠራ ደግሞ ወደ 12 ቮልት ይሆናል። ስፒከሩ ላይ የሚደርሰው የቮልት ጫፍ ወደ 10 ስለሆነ፣ 10 በራሱ ተባዝቶ ለሁለት ጊዜ ስምንት ሲካፈል ከ6 ዋት ትንሽ ይበልጣል። አነስተኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ለአንድ መማሪያ ክፍል ይተርፋል።

ካፓሲተሮቹ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነበሩ። በውስጣቸው ፈሳሽ ያለባቸው ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ይደርቃሉ። በሙያው የታወቀ የግምት ሕግ አለ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜያቸው በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ተማሪዎቹ ከቦርድ ላይ ሲነቅሉ መጀመሪያ የሚያዩት ካፓሲተሩ የተቀመጠበትን ቦታ ነበር። ከሙቀት ብረት አጠገብ የኖረው ተጣለ፤ ጥግ ላይ የኖረው ተለካ። አናቱ ያበጠው ሳይለካ ተጣለ። ለረጅም ዘመን ኃይል ያላገኘውን ደግሞ በሬዚስተር በኩል ቀስ እያሉ ቮልት ማለማመድ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ገና ሲሰካ ብዙ ኃይል ያፈስሳል፣ ይሞቃል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ከተረፉት ውስጥ 4,700 ማይክሮፋራድ የሚሉትን ወሰድን። የእኛ ኃይል በሰከንድ 50 ዑደት ስለሆነና ሁለቱም ግማሾች ስለሚቃኑ፣ ካፓሲተሩ በየ10 ሚሊሰከንዱ ይሞላል፤ 1 አምፔር ሲወሰድበት በመካከሉ 2 ቮልት ያህል ይወርዳል። ይህን ስሌት ተማሪዎቹ በሁለተኛ ዓመት ሠርተውት ነበር። በጣታቸው የያዙት ካፓሲተር በእርግጥ 4,700 መሆን አለመሆኑ ሲያሳስባቸው ግን ይህ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር።

ስለ መንቀል ሥራ በአጭሩ ልናገር። የአውሮፓ ኅብረት በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ እርሳስን የሚገድበውን ሕግ ሥራ ላይ ያዋለው በሐምሌ 2006 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ቦርዶች ሊዳቸው በ183 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት የብዙዎቹ ወደ 217 ይጠጋል። አሮጌው ቦርድ ዕቃውን በቀላሉ ይሰጣል፤ አዲሱ ይታገላል። ሆኖም በቀላሉ የሚሰጠው እርሳስ ያለበት ነውና እጅ ሳይታጠቡ እንጀራ መቁረስ የለም።

በዚህ ሥራ ውስጥ የረዱንን አንድ አዛውንት ጠጋኝ ማንሣት ይገባኛል። ስሜን አትጥራ ስላሉኝ ስማቸውን አልጠራም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ቤተ ሙከራችን ገብተው የጠየቁት ስለ ኦሲሎስኮፑ አልነበረም፤ «የክር አምፖል አላችሁ?» አሉ። የ60 ዋት አምፖል ከምንፈትነው ዕቃ ጋር በተከታታይ አስገቡ። ብልሃቱ በሙያው ዘንድ የታወቀ ነው። የአምፖሉ ክር ሲቀዘቅዝ መከላከሉ ትንሽ ነው፤ ሲግል ከ800 ኦም ያልፋል። ዕቃው ጤነኛ ከሆነ ካፓሲተሮቹ እስኪሞሉ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል። ሾርት ካለ ግን አምፖሉ በርቶ ይቀራል፤ ኃይሉን ሁሉ በራሱ ላይ ይወስዳል፤ ዕቃውም ሳይቃጠል ይተርፋል። በኤልኢዲ አምፖል ይህ አይሆንም። የክር አምፖል ከየሱቁ እየጠፋ ስለሆነ፣ የቀሩትን ቤተ ሙከራችን እንዲያስቀምጥ አሳስባለሁ።

ማጉያው በተገጣጠመ ጊዜ ሠራ። ሆኖም ከሙዚቃው በታች የማያቋርጥ እምምታ ነበረው። ተማሪዎቹ ካፓሲተሩ አንሷል ብለው ሌላ ሊጨምሩ ተነሡ። አዛውንቱ ጆሯቸውን ወደ ስፒከሩ አስጠግተው ጥቂት አዳመጡና «ልጄ፣ ይህ የካፓሲተር አይደለም። የካፓሲተር ቢሆን ከዚህ ይቀጥናል። ይህ ወፍራም ነው፤ ከትራንስፎርመሩ ነው የመጣው» አሉ። ከተማሪዎቹ አንዱ «ጋሼ፣ በድምፁ ብቻ እንዴት ይታወቃል?» ቢላቸው፣ «አንተ የእናትህን ድምፅ በምን ታውቃለህ?» አሉት። (ሳቅ)

ኦሲሎስኮፑን አገናኘን። የእምምታው ዑደት 20 ሚሊሰከንድ ነበር፤ ይህም በሰከንድ 50 ማለት ነው። ተቃንቶ የሚመጣ ኃይል ያላለቀ ማጣሪያ ቢኖረው ኖሮ 100 ይሆን ነበር፤ ልክ አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል። አዛውንቱ «ወፍራም» እና «ቀጭን» ያሉት ይህንኑ ኦክታቭ ነው። እኛ በሁለት መቶ ገጽ መጽሐፍ የምናስተምረውን ልዩነት እርሳቸው በጆሯቸው ይዘውታል። የመግቢያው ሽቦ ከትራንስፎርመሩ አጠገብ አልፎ ስለነበር፣ አራቅነው፤ ትራንስፎርመሩንም ጥቂት አዞርነው፤ ወፍራሙ እምምታ ጠፋ።

ወፍራሙ ሲጠፋ ግን ከሥሩ ቀጭኑ ተሰማ፤ አሁን ዑደቱ 10 ሚሊሰከንድ ነበር። ይህኛው ለእኔ በጣም የሚወደድ ምሳሌ ነው። ካፓሲተሩ የሚሞላው በአጫጭር ግፊት ነው፤ በእያንዳንዱ ግፊት 5 አምፔር ቢያልፍና የሚያልፍበት የመሬት ሽቦ 10 ሚሊኦም ቢኖረው፣ በሽቦው ላይ 50 ሚሊቮልት ይፈጠራል። የመግቢያው ምልክት ይህንኑ ሽቦ እንደ መሬቱ ከተጠቀመበት፣ 50 ሚሊቮልቱ ከሙዚቃው ጋር ይገባና 33 ጊዜ ጎልቶ 1.65 ቮልት ሆኖ ይወጣል። በሥዕሉ ላይ ሽቦ መስመር ነው፤ መስመር ደግሞ ምንም ዓይነት መከላከል የለውም። ከእውነተኛ መዳብ ጋር ሲሠሩ ግን አንድ ጣት የምታህል ሽቦ የት ላይ እንደተበየደች ልዩነት ታመጣለች። የመሬት መስመሮቹን ሁሉ ለየብቻ አምጥተን በአንድ ነጥብ ላይ ስናገናኛቸው ጸጥ አለ።

33 የተባለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ላስረዳ፤ የንግግሬ ዋና ሐሳብ እዚያ ነውና። በነሐሴ 1927 እ.ኤ.አ. ሃሮልድ ብላክ የተባለ የቤል ቤተ ሙከራ መሐንዲስ በጀልባ ወደ ሥራው ሲሻገር አንድ ሐሳብ መጣለት፤ በእጁ በያዘው ጋዜጣ ላይም ነደፈው። ሐሳቡ ከማጉያው መውጫ ጥቂቱን መልሶ በተቃራኒ አቅጣጫ ወደ መግቢያው መላክ ነው። እንዲህ ሲደረግ ከማጉላቱ ብዙው ይቀንሳል፤ በምትኩ ግን የማጉላቱ መጠን ቱቦው ወይም ትራንዚስተሩ ባለው አቅም ላይ መደገፉ ይቀርና በሁለት ሬዚስተሮች ጥምርታ ብቻ ይወሰናል። በእኛ ማጉያ ላይ እነዚህ ሬዚስተሮች 22,000 ኦምና 680 ኦም ናቸው፤ 22,000 ለ680 ተካፍሎ 1 ሲደመርበት 33.4 ይሆናል። ቺፑ የሃያ ዓመት ይሁን የአምስት፣ የዚህ ስፒከር ይሁን የዚያ፣ ማጉላቱ 33.4 ነው። ብላክ ያሰበው ለረጅም ርቀት የስልክ መስመር ነበር፤ በምናለሽ ተራ የተገኘ ዕቃ ለማመን የምንችለው ግን በእርሱ ሐሳብ ነው። የማይታመነውን ዕቃ የሚታመን ሥራ የሚያሠራው ይህ ስለሆነ፣ ተማሪዎቹ ከሁሉ አብልጠው በጥንቃቄ የለኩት እነዚያን ሁለት ርካሽ ሬዚስተሮች ነበር።

ድህነትን እያወደስኩ እንዳይመስላችሁ። በዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው ሁለት ተመሳሳይ ማጉያዎች መሥራት አይችልም፤ ለማምረት አይሆንም። ስምንት ተማሪዎች አንድ ሴሚስተር ሙሉ የደከሙበትን ዕቃ ገበያ ወርዶ መግዛት ይቻላል። ኦሲሎስኮፕ ባይኖረን ኖሮ የአዛውንቱ ጆሮ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ አንችልም ነበር፤ ስለዚህ የመሣሪያ ጥያቄያችን እንዳለ ነው፤ «በተጣለ ዕቃ ይማሩ» ተብሎ በጀቱ እንዲቀነስ አልፈልግም። (ሳቅ) የምጠይቀው ሌላ ነው። ለመመረቂያ የሚቀርቡት ሥራዎች ከዓመት ወደ ዓመት በማስመሰያ ፕሮግራም ላይ ብቻ የሚያልቁ እየሆኑ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ዕቃ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን አለ። ነገር ግን 14.1 ያለውን ቴስተር ተበላሽቷል ብሎ የሚጠረጥር፣ 12 ያለውን ስክሪን ግን የማይጠረጥር ተመራቂ ለሆስፒታልና ለኃይል ማመንጫ አሳልፈን እየሰጠን ነው። ቢያንስ አንድ የሦስተኛ ዓመት የቤተ ሙከራ ኮርስ በዚህ መንገድ እንዲሰጥ ለትምህርት ክፍሉ የጽሑፍ ሐሳብ አቅርቤአለሁ።

በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ሁለተኛ ነጥብ አለ። አዛውንቱ ለአሥራ ሁለት ቅዳሜዎች መጥተው አስተምረዋል፤ ያደረጉት ማስተማር ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ክፍያቸው ሲጠየቅ የትምህርት ማስረጃ ስለሌላቸው በመምህርነትም ሆነ በቴክኒክ ረዳትነት መመዝገብ አልተቻለም። በመጨረሻ የተከፈላቸው በቀን ሠራተኛነት ነው፤ በደረሰኙ ላይ «የዕቃ ማጓጓዝ ሥራ» ይላል። እርሳቸው አንብበው ፈገግ ብለው ፈረሙ። ደንቡ ክፉ ነው አልልም፤ የተጻፈው ሐሰተኛ ማስረጃን ለመከላከል ነው። ነገር ግን ማንም ያልጻፈለትን ዕውቀት ለክቶ የሚቀበልበት በር የለውም። እኛ ካፓሲተርን ስሙ ቢጠፋም ለክተን እንቀበላለን፤ ለሰው የሚሆን ፈተና ማዘጋጀት የሚያቅተን አይመስለኝም። ሙያቸው በተግባር ተፈትኖ የሚመዘገቡበት መንገድ እንዲከፈት ጠይቄአለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።

የሚቀረኝ ያልተፈታ አንድ ጉዳይ ነው። ዕቃውን ነቅለን የጨረስነው ቦርድ አሁንም እርሳስ አለበት፤ ካፓሲተሩም ፈሳሽ አለበት። ከዚህ ቀደም የቦርድ ቁርጥራጭና ሽቦ በየሜዳው ሲቃጠል አይተናል፤ ከሽቦው ፕላስቲክ የሚወጣው ጭስ መርዛም ነው። እኛ አላቃጠልንም፤ ለቆሻሻ ሰብሳቢም አልሰጠንም። ሁለት ካርቶን ሞልቶ በቤተ ሙከራው ጥግ ተቀምጧል፤ በላዩ «አትንኩ» ተብሎ ተጽፏል። የት እንደምናደርሰው ከእናንተ መካከል የሚያውቅ ካለ፣ ከጥያቄው ክፍለ ጊዜ በኋላ ቢያነጋግረኝ ደስ ይለኛል።

ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።